ሰው ባህር ውስጥ መወርወር የባህር ላይ ወንጀል ካልሆነ ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ ስሙን የማልጠራው ድርጅት በቀይ ባህርና በኤደን ባህረ ሰላጤ የባህር ላይ ወንጀል የሚያጠና ኮንሰልታንት እፈልጋለሁ ብሎ ጨረታ አወጣ። የባህር ላይ ውንብድና አለበት፣ የመሣሪያ ዝውውር አለበት፣ ሕገወጥ ዓሣ ማስገር አለበት፣ የየመን ታጣቂዎቹ ሁቲዎች መርከብ ላይ የሚተኩሱትም አለበት። በጀልባ ወደ የመን የሚሻገሩት ልጆቻችን ግን "የፍልሰት ጉዳይ ስለሆነ አይመለከተንም" ተብለው በአንድ መስመር ወጡ። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ የተሰጠው መልስ ደግሞ የባሰ ነው፦ ኢትዮጵያ ባህር የላትም፣ ጉዳዩ በቀጥታ አይነካትም።

አይነካትም? ይሄን ያለው ሰውዬ የራሱን የሙያ ሰነድ እንኳን አላነበበም። የጅቡቲ የሥነ ምግባር ደንብ የሚባለውን የአካባቢው አገሮች የፀረ ባህር ላይ ውንብድና ስምምነት ኢትዮጵያ በ2009 ከመጀመሪያዎቹ ጋር ፈርማለች፣ በ2017 ጄዳ ላይ ሲሻሻልም ፈርማለች (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)፣ ማሻሻያው ደግሞ የሰው ዝውውርንና ሕገወጥ ማሻገርን ጨምሮ ነው የወጣው። ሲፈረም የሚነካት አገር ሲጠና እንዴት ነው የማይነካት?

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ማርች 2021 ከጅቡቲ ኡሌቢ 200 ያህል ሰው ጭኖ የተነሳ ጀልባ ላይ አሻጋሪዎቹ ጭነቱ በዛ ብለው ወደ 80 ሰው ባህር ውስጥ ወረወሩ፣ ቢያንስ 20 ሞተ። ኦገስት 2017 የመን ሻብዋ ዳርቻ ላይ ከመቶ በላይ ኢትዮጵያዊና ሶማሌያዊ በግድ ውሃ ውስጥ ተገፈተረ፣ አብዛኛው ገና ልጅ ነበር። ኦክቶበር 2024 ደግሞ ከየመን 310 ሰው ይዘው የመጡ ሁለት ጀልባዎች ጅቡቲ ሊደርሱ ሲሉ ሰዉን ዝለሉ ብለው አስገደዱ፣ 45 አስከሬን ተቆጠረ። ይሄ "አደጋ" አይደለም፣ ግድያ ነው፣ የተገደሉትም ባህር ላይ ነው። ጋላክሲ ሊደር የምትባለው የጭነት መርከብ በሁቲዎች ስትጠለፍ 25 መርከበኞች ከአንድ ዓመት በላይ ታገቱ፣ ስቃያቸው ስቃይ ነው፣ ዓለምም ጮኸላቸው፣ ይገባል። የኛዎቹ ሲወረወሩ ግን ጉዳዩ ወደ ፍልሰት ዴስክ ይላካል፣ እዚያ ሬሳ ይቆጠራል እንጂ ገዳይ አይፈለግም።

የባህር ሕጉ ውንብድና የሚለው አንዱ መርከብ ሌላውን ሲያጠቃ ነው ይሉኛል። እሺ፣ ውንብድና አትበሉት። ግን እኮ ጥናቱ "የባህር ላይ ወንጀል" ነው የሚለው፣ መሣሪያ የጫነች ጀልባ ከገባች ሰው የጫነችው በምን ሂሳብ ትወጣለች?

ሌላው የሚያናድደኝ የባህር ኃይል ልምድ ያለው ብቻ ያመልክት መባሉ ነው። የዚህ ሥራ ዘጠና በመቶው የብስ ላይ ነው ያለው! የሶማሊያ ወንበዴዎች ጊዜ ትልቁን ነገር ያወጣው የጦር መርከብ ነበር እንዴ? የዓለም ባንክ፣ ኢንተርፖልና የተመድ የወንጀል መከላከያ ቢሮ በ2013 ያወጡት ጥናት ገንዘቡን ተከትሎ ነው ከ2005 እስከ 2012 ከ339 እስከ 413 ሚሊዮን ዶላር ቤዛ እንደተከፈለ የገመተው፣ ጫት ንግድ ውስጥ እስከ መግባቱም ያየው። የኛም መንገድ ያው ነው። ወሎ ሐይቅ ከተማ አካባቢ ያገኘኋቸው አባት በፌስታል ጠቅልለው ያስቀመጡትን የባንክ ስሊፕ አውጥተው አሳይተውኛል፣ ልጃቸው የመን ውስጥ ተይዞ እየተገረፈ ስልክ ሲያስደውሉት በሬ ሸጠው ያስገቡት ብር ነው። ስሊፑ ላይ የተቀባዩ ስም አለ፣ የአካውንት ቁጥር አለ፣ ቅርንጫፉ ደግሞ እዚሁ አገር ውስጥ ነው። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የትኛው ራዳር ሊያመጣ ነው?

ይሄን ማስረጃ የሚሰበስበው የኛ ሰው ግን ሁሌም "ዴታ ሰብሳቢ" ተብሎ በቀን አበል ይቀጠራል፣ ጥናቱን የሚመራው ከውጭ የመጣ ሰው ነው፣ ሪፖርቱ ሲወጣ የኛ ሰው ስም ምስጋናው ውስጥ እንኳን ከተገኘ ዕድለኛ ነው። አማርኛ፣ ኦሮምኛ ወይ ትግርኛ የማይሰማ ጡረታ የወጣ መኮንን ከስደት ተመላሽን ምን ብሎ ሊጠይቅ ነው? ተመላሽ ደላላውን በስሙ የሚጠራው ላመነው ሰው ብቻ ነው፣ ለዚያም ብዙ ቀን አብሮ መቀመጥ ይጠይቃል። ስለዚህ ያ ሰው ጥናቱን ይምራ፣ ስሙም ሽፋኑ ላይ ይውጣ፣ የባህር ኃይሉ ባለሙያ ካስፈለገም እሱን ያማክር።