ላብ ያልወጣው ልጅ አልተንቀሳቀሰም ያለው ማን ነው?

በአዲስ አበባ የሚገኝ አንድ የግል ትምህርት ቤት የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችን የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ እስከ ሚኒስትሪ ፈተና ድረስ ለማጠናከሪያ ትምህርት እንደሚያውለው ሰሞኑን ለወላጆች አስታውቋል። እንዲህ ያለ ውሳኔ አዲስ አይደለም፤ የከነከነኝ በወላጆች ስብሰባ ላይ የተሰጠው ማብራሪያ ነው። ክብደታቸው ከልክ ያለፈ ልጆች ጉዳይ ሲነሳ ኃላፊው፣ «ወፍራም ልጅ ሜዳ ላይ ሲንጎራደድ ቢውል ለውጥ አያመጣም፤ ላብ ካልወጣ ስፖርት አይባልም፤ የሚያሳስበው ወላጅ ጂም ያስመዝግበው» ብለው ነገሩን ዘጉት።

ላብ ሰውነት ሙቀቱን የሚያስወጣበት መንገድ እንጂ የጤና ደረሰኝ አይደለም። በጠራራ ፀሐይ የታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመም ሰው ያልበዋል።

የሚንቀሳቀስ ጡንቻ ከደም ውስጥ ስኳር ለመውሰድ የኢንሱሊንን፣ ማለትም ቆሽት የሚያመነጨውንና ስኳር ከደም ወደ ሰውነት ሴሎች እንዲገባ የሚያደርገውን ሆርሞን፣ ፈቃድ አይጠብቅም፤ መኮማተሩ ብቻ በሩን ይከፍትለታል። ጉርምስና በቀጭኑ ልጅ ላይ እንኳ ሰውነት ለኢንሱሊን የሚሰጠውን ምላሽ ያዳክማል፤ ውፍረት ሲደረብበት ደግሞ ቆሽት ጉድለቱን ለመሙላት ይበልጥ ይደክማል። እንዲህ ያለውን ልጅ ነው እንግዲህ ጠዋት ሰርቪስ ከደጁ አንስቶት፣ ምሳውን በልቶ ሳይነሳ ማጠናከሪያ የምንጨምርለት። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ተመራማሪዎች ጥናት፣ ከ7 እስከ 11 ዓመት የሆናቸው ልጆች ለሦስት ሰዓት ሲቀመጡ በየግማሽ ሰዓቱ ሦስት ደቂቃ ብቻ በመራመዳቸው የደም ስኳራቸውም ኢንሱሊናቸውም ዝቅ ማለቱን አሳይቷል። እነዚያ ልጆች ወፍራም አልነበሩም የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው፣ አልነበሩም። ታዲያ ጤነኛው የተጠቀመበትን፣ ቆሽቱ የተጨነቀው የማይጠቀምበት በምን ሒሳብ ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለታዳጊዎች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ የሚሆን፣ ትንፋሽን ፈጠን የሚያደርግ እንቅስቃሴ እንደሚመክር አልክድም። ያው መመሪያ ግን ጥቂቱም ከምንም ይሻላል ይላል፤ ኃላፊው የመረጡት ምንምን ነው። «ወፈርክ፣ አማረብህ» እያልን ያሳደግነውን ልጅ አሥራ አራት ዓመት ሲሞላው በድንገት ሜዳ ዙር ብንለው፣ ጓደኞቹ እየሳቁበት አንድ ቀን ይሮጥና በሚቀጥለው ሳምንት ሆዴን አመመኝ ይላል። የሚራመድ ልጅ ግን ነገም ይራመዳል፤ ለዚህም ጂም፣ አሠልጣኝ፣ ክፍያ አያስፈልገውም። ከምሳ በኋላ ግቢውን ሩብ ሰዓት መዞር የትኛውን የሒሳብ ጥያቄ እንደሚያስጥል፣ ኃላፊው በቀጣዩ ስብሰባ ሰሌዳው ላይ ጽፈው ያሳዩን።