በአማካይ ተሸነፍኩ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ያለው የእኛ ብሎክ ሁለት ኮሚቴ አለው። አንደኛው የነዋሪዎች ኮሚቴ ነው። የደረጃችን አምፖል ከተቃጠለ ሰባት ወሩ ነው፤ ኮሚቴው አምፖል ለመግዛት እስካሁን ምልዓተ ጉባኤ አልሞላለትም። ሁለተኛው የፋንታሲ፣ ማለትም በስልክ የምንጫወተው የእግር ኳስ ጨዋታ፣ ኮሚቴ ነው። እሱ በየሳምንቱ ማክሰኞ ማታ ዝንፍ ሳይል ይሰበሰባል። ሊቀመንበር አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ መተዳደሪያ ደንብ አለው። ያረፈደ ይቀጣል። አምፖል ስለሌለ ሁሉም በስልኩ መብራት ደረጃውን እየዳሰሰ ይወርዳል። መንገድ ላይ ካልሆነ በቀር የሚቀር ግን የለም።

ሐሜት እንዳይሆንብኝ እንጂ የሁለቱም ኮሚቴ አባላት እኛው ነን።

እኔ የፋንታሲው ጸሐፊ ነኝ። በደንባችን አንቀጽ 4 መሠረት የሳምንቱን ውጤት ለአባላት የማቀርበው እኔ ነኝ። ሪፖርቱ ከአድልዎ የጸዳ መሆን አለበት ይላል። የዚህን ሳምንት ግን ማጽዳት አልቻልኩም። ተበድያለሁ።

ጨዋታውን ለማያውቅ ባጭሩ ላስረዳ። ስልክህ ላይ 100 ሚሊዮን ፓውንድ ይሰጥሃል። የማይያዝ የማይጨበጥ ፓውንድ ነው። በሱ ከእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ 15 ተጫዋች ትገዛለህ፤ 2 በረኛ፣ 5 ተከላካይ፣ 5 አማካይ፣ 3 አጥቂ። 11ዱ ይሰለፋሉ፣ 4ቱ ቤንች ይቀመጣሉ። የገዛኸው ሰው ሜዳ ላይ ሲያገባ ነጥቡ ያንተ ነው። ካፒቴን ያደረግኸው ሰው ነጥብ በሁለት ይባዛል። ዓለም ላይ ከ11 ሚሊዮን በላይ ሰው ይጫወተዋል። ከነዚህ ሁሉ መካከል ሐሙስ ለታክሲ 50 ብር ተበድሮ፣ ዓርብ ለአንድ አጥቂ 14 ሚሊዮን ፓውንድ የሚከፍለው እኔ ብቻ አይመስለኝም።

ሊጋችን የፊት ለፊት ነው። በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ሆነን እንገናኛለን። ያሸነፈ 3 ነጥብ፣ አቻ የወጣ 1 ነጥብ። በብር አንወራረድም፤ የተሸነፈ ያሸነፈውን ቡና ያጠጣል። ከብሎካችን ሥር ላስቲክ ወጥራ ጀበና ቡና የምታፈላ ልጅ አለች። ስታዲየማችን እዚያ ነው። በርጩማው ስምንት ነው፣ እኛ ግን ሰባት ነን። የሳምንቱ ጣጣ የመጣውም ከዚህ ነው። እመለስበታለሁ።

የመጀመሪያው ግጥሚያ "ውሃ በፈረቃ" ከ"ጋላፊ ሮቨርስ" ነበር። "ውሃ በፈረቃ" የሒሳብ መምህራችን ቡድን ነው። መምህሩ ዓርብ ዓርብ ኤክሴል ይከፍታል። የእያንዳንዱን ተጫዋች የመጨረሻ 6 ጨዋታ፣ ሊገባ ይገባው የነበረ ግን ያልገባ ጎል፣ የሚገጥመውን ተከላካይ ሁሉ ቀለም ይቀባዋል። የተማሪዎቹ ፈተና ግን ገና አልታረመም። "ጋላፊ ሮቨርስ" ደግሞ የጅቡቲ መስመር የተሳቢ ሹፌራችን ነው። ቡድኑን የሠራው ሊጉ ሲጀመር ነው። ከዚያ ወዲህ ነክቶት አያውቅም፤ ይለፍ ቃሉም የጠፋበት ይመስለኛል። እንዲህ ዓይነቱን እኛ "የሞተ ቲም" እንለዋለን።

የሞተው ቲም ተነሣ። የሹፌሩ ካፒቴን ተጎድቶ አልገባም። ካፒቴን ካልተጫወተ ሁለት እጥፉ ወደ ምክትሉ ይዞራል። ምክትሉ አጥቂ ነው፣ ሦስት ጎል አገባ። ሦስት ጎል 12፣ ሙሉ ጨዋታ 2፣ ቦነስ 3። አሥራ ሰባት። ሲባዛ 34። መምህሩ ይህንኑ አጥቂ ዓርብ ዕለት ሸጦታል። ኤክሴሉ "ደክሟል" ብሎት። ውጤት፦ ጋላፊ ሮቨርስ 71፣ ውሃ በፈረቃ 43። ሹፌሩ በዚያ ሰዓት ኬላ ላይ ወረፋ እየጠበቀ ጋቢና ውስጥ ተኝቶ ነበር። መምህሩ ከቅዳሜ ጀምሮ ሰላምታ የሚሰጠን በጭንቅላቱ ነው።

ሁለተኛው የቤተሰብ ግጥሚያ ነው። "አባወራው" ከ"እጣው በስሜ ነው"። ባልና ሚስት ናቸው። የኮንዶሚኒየሙ እጣ የወጣው በሚስትየዋ ስም ነው፤ የቡድኗ ስም እሱን ለማስታወስ ያህል ነው። እሷ ኦዲተር ናት። እሱ የእሷን ቡድን እየገለበጠ ነው የሚኖረው። ቡድንህን ዴድላይን፣ ማለትም የመቀየሪያው ሰዓት ገደብ፣ ከማለፉ በፊት ሌላ ሰው ማየት አይችልም፤ የስልክሽን ፓተርን የሚያውቅ ባል ካላገባሽ በቀር። ዓርብ ልጃቸውን ስታስተኛ ከፍቶ 15ቱንም ቀዳ። ካፒቴኗንም ቀዳ። ተረጋግቶ ዜና ማየት ጀመረ።

ዴድላይን ሊደርስ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው እሷ "መታጠቢያ ቤት ደርሼ ልምጣ" አለች። ውሃ ከረቡዕ ጀምሮ እንዳልመጣ ረስቶታል። ውሃ በሌለበት መታጠቢያ ቤት ስልክ ይዞ የሚገባ ሰው ምን ሊሠራ ነው ብሎ አልጠረጠረም። ካፒቴኗን ቀይራ ወጣች። የሷ አዲሱ ካፒቴን 11 ነጥብ አመጣ፣ የተቀዳው 3። ሌላው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። 66 ለ58። ኦዲት ማለት ይሄ ነው። ቡናውን ሲከፍል "ቤታችን ውስጥ መተማመን ጠፋ" እያለ ነበር። ማንም አልመለሰለትም።

ሦስተኛውን በአጭሩ ልለፈው ብዬ ነበር፤ ደላላ ያለበት ነገር ግን አያጥርም። "ቁልፍ በእጄ" የሰፈራችን የቤት ደላላ ነው። ተጫዋችም እንደ ቤት ነው የሚያገላብጠው። "ገዢ አለኝ" ይልሃል። በሳምንት አንድ ዝውውር በነጻ ነው፤ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ 4 ነጥብ ይቆረጣል። ይህ ሰው በአንድ ሌሊት አምስት ሰው ሸጦ አምስት ገዛ። 16 ነጥብ ተቆረጠ። ለምን? "ዋጋቸው እየጨመረ ነው፣ ሳይወደድ ልግባበት" አለ። ከሸጣቸው ሦስቱ አገቡ።

የባሰው ደግሞ ትርፉ ነው። በ6 ሚሊዮን የገዛኸው ተጫዋች 6.2 ቢደርስ ስትሸጠው የሚሰጥህ 6.1 ነው። ከትርፉ ግማሹን ጨዋታው ይበላዋል። ደላላችን ይህን ያወቀው በዚህ ሳምንት ነው። ስልኩን ዘቅዝቆ አየው፣ አቃንቶ አየው። "ከሁለት ወገን ኮሚሽን የሚበላው ማነው?" አለ፤ በሥራው እንደተነካበት ሰው።

ያሸነፉት ጋሼ ናቸው። ጋሼ ጡረተኛ ናቸው፣ ሊቀመንበራችንም እሳቸው ናቸው፤ የቡድናቸው ስም "አርሰናል ትቅደም"። አገር ውስጥ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ውጭ አርሰናል፣ ሌላ ሃይማኖት አያውቁም። ከአንድ ክለብ ከሦስት በላይ መውሰድ ክልክል ነው ሲባሉ ለሁለት ሳምንት ከሊጉ ራሳቸውን አግልለው ነበር። "በ2003/04 38 ጨዋታ ሳይሸነፍ ዋንጫ የወሰደን ቡድን ሦስት ብቻ ውሰዱ የሚል ደንብ ማን አወጣው?" አሉ። ቆይተው በሽምግልና ተመለሱ። የቶተንሃም ተጫዋች እስከዛሬ ገዝተው አያውቁም፤ በነጻም ቢሰጧቸው ቤት አያስገቡትም። በዝውውር ስለማይጨነቁ ነጥብም አይቆረጥባቸውም። 49 ለ37 አሸነፉ። ደላላው ከነተቆረጠበት 37 ነው። ቡድኑን ባይነካው 55 ያገኝ እንደነበር መምህሩ አስልቶ ነገረው። እሱ ራሱ የተሸነፈ ሰው፣ የሌላውን ቁስል ማስላት ደስ ሳይለው አልቀረም።

አሁን ወደኔ።

ሰባት ነን ብያለሁ። ሰባት ለሁለት አይካፈልም። ሊጉ ጎዶሎ ሲሆን ጨዋታው ራሱ አንድ ሰው ይጨምርበታል። ሰው እንኳ አይደለም። "አቬሬጅ" ይባላል። እኛ "አማካይ" አልነው። የሱ ነጥብ የሁላችን ነጥብ ተደምሮ ለሰባት የተካፈለው ነው። ቡድን የለውም፣ ካፒቴን የለውም፣ ዴድላይን አያመልጠውም። በየሳምንቱ ተራ የደረሰው ሰው ከሱ ጋር ይጫወታል። ጋሼ መጀመሪያ ሲሰሙ "አማካይ ብቻውን እንዴት ይገጥመናል? አጥቂ የለውም እንዴ?" ብለው ነበር።

በዚህ ሳምንት ተራው የኔ ነበር። "አራተኛ ፎቅ ዩናይትድ" ከአማካይ። ሳምንቱን ሙሉ ሲያሾፉብኝ ሰነበቱ። "በነጻ 3 ነጥብ" አሉኝ። እኔም ናቅሁት።

ችግሩ ዓርብ ነው። በዚህ ወቅት አብዛኛውን ሳምንት ጨዋታ የሚጀመረው ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ዴድላይን የመጀመሪያው ጨዋታ ሊጀመር 90 ደቂቃ ሲቀረው ነው፤ ስለዚህ ቅዳሜ 7 ሰዓት። ቤትህ ቁጭ ብለህ፣ ምሳ በልተህ ትደርስበታለህ። በዚህ ሳምንት ግን የዓርብ ጨዋታ ነበረ። የእኛ አቆጣጠር ማታ 4 ሰዓት። ዴድላይን 2 ሰዓት ተኩል። እንግሊዞቹ ሰዓቱን ሲያወጡ ዓርብ ማታ ሳሪስ የታክሲ ሰልፍ ምን እንደሚመስል የነገራቸው ሰው የለም።

ከ12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ተሰልፌያለሁ። ካፒቴኔ ልምምድ ላይ መጎዳቱን ያነበብኩት እዚያው ሰልፍ ላይ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ከሱ ጋር ጨርሰናል። "ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብዬ እቀይረዋለሁ" አልኩ። ታክሲው 2 ሰዓት ከ10 ላይ መጣ። መጨረሻ ወንበር፣ በሁለት ሰውና በአንድ ጆንያ ሽንኩርት መካከል ተቀመጥኩ። ስልኬ 4 ፐርሰንት ይላል። ከፈትኩት፤ መተግበሪያው "እንደገና ይግቡ" አለኝ። ይለፍ ቃል ስጽፍ ረዳቱ "ሒሳብ!" አለ። በአንድ እጄ ብር፣ በአንድ እጄ ስልክ። የይለፍ ቃሉን ተሳሳትኩ። ደግሜ ጻፍኩ። ገባሁ። ካፒቴኔ ላይ ጣቴን አሳረፍኩ፤ ቀዩ ምልክት፣ ቀጥሎ የሚቀየሩት ሰዎች ዝርዝር፣ ከዚያ ጥቁር። ስልኩ ሞተ። አጠገቤ ያሉት ሴትዮ ፊቴን አይተው "ሰው ሞተብህ እንዴ ልጄ?" አሉኝ። ምን ብዬ ላስረዳቸው? "አይ እማማ፣ ተጎዳብኝ" አልኩ። "እግዜር ይማረው" አሉ።

ቤት ስደርስ መብራት የለም።

ምክትሌ ካፒቴን ሆነ። በ59ኛው ደቂቃ ተቀይሮ ወጣ። 60 ደቂቃ ቢሞላ 2 ነጥብ ነበረ፤ አንድ ደቂቃ ጎድሎ 1 ሆነ። ቢጫ ካርድ አይቷል፤ አንድ ተቀነሰ፣ ዜሮ። የካፒቴን ነጥብ በሁለት ይባዛል። ዜሮ በሁለት ስንት እንደሆነ መምህሩ ሳይጠየቅ ነገረኝ። በተጎዳው ምትክ ከቤንች የገባልኝ የመጀመሪያው ተጠባባቂ ነው፤ 1 ነጥብ። ሦስተኛ ያስቀመጥኩት ተከላካይ ደግሞ ጎል አግብቶ፣ ጎል ሳይቆጠርበት፣ ቦነስ ይዞ፣ 14 ነጥብ ታቅፎ ቤንች ላይ ተቀምጧል። እሱን አንደኛ አድርጌው ቢሆን 60 ይሆንልኝ ነበር።

47 አገኘሁ። አማካይ 53።

ማክሰኞ ማታ ቡና ላይ መምህሩ እስክሪብቶ አወጣ። "አንተ ከሱ ለመብለጥ 55 ያስፈልግህ ነበር" አለ። "ያንተም ነጥብ እኮ አማካዩ ውስጥ ገብቷል። 47ቱ ዜሮ ቢሆን ኖሮ 53 አይደርስም ነበር።" ማለት፣ ያሸነፈኝን ሰው ያገዝኩት እኔው ነኝ። ይህን ሲሰማ ለሦስት ቀን ያልሳቀው ባልየው ሳቀ። እግሩን እያነሳ ነው የሳቀው።

ከዚያ የደንብ ጥያቄ ተነሣ። የተሸነፈ ያሸነፈውን ቡና ያጠጣል። ያሸነፈኝ አማካይ ነው። አማካይ ቡና ይጠጣል ወይ? እኔ "በአካል የሌለ ሰው ቡና አይገባውም" አልኩ። ኦዲተሯ "ደንቡ በአካል አይልም፣ ያሸነፈ ነው የሚለው" አለች። ደላላው "ውክልና ካለው እኔ እቀበልለታለሁ" አለ። አርባ ደቂቃ ተከራከርን። አንዱ የአምፖሉን ጉዳይ ቢያነሳ ጋሼ "ከአጀንዳ አንውጣ" አሉት። በድምፅ ተወሰነ፤ 5 ለ1። ቡናው ይቀዳ።

ቡና የምታፈላው ልጅ ስምንተኛውን በርጩማ ጠረግ አድርጋ ስኒውን ፊቱ አስቀመጠች። ጤና አዳም ጣል አደረገችበት። "ስኳር ስንት ይፈልጋል?" አለች። ጋሼ "መካከለኛ" አሉ። ከፈልኩ።

ቡናው እየጨሰ፣ ሁላችንም ባዶውን በርጩማ እያየን ሳለን ሹፌሩ መጣ። ከጋላፊ ገና መግባቱ ነው፤ አቧራው እንኳ ከቅንድቡ አልተራገፈም። ክፍቱ በርጩማ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠና ስኒውን አንስቶ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ ማነው የጋበዘኝ?" አለ። ቀጠለናም ወደ መምህሩ ዞሮ፣ "የኔ ጌታ፣ ያ ፋንታሲ የምትሉት ነገር አሁንም አለ እንዴ?"