እጅ ያላወጣውን ማን ይጠይቀው?

«ገባችሁ?» «አዎ!» «ጥያቄ ያለው?» ዝም። «እሺ፣ እንቀጥል።» ባሕር ዳር ከተማም ሆነ በጣና ዙሪያ ባሉ ገጠሮች የተማረ ሰው ይህን ምልልስ ያውቀዋል። መምህሩ ክፍሉ በሙሉ የተከተለው ይመስለዋል። የሚመልሱት ግን ሁልጊዜ እጃቸውን የሚያወጡት አራት አምስት ልጆች ናቸው። ሌላው በእነሱ ጥላ ሥር ውሎ ይገባል። ስንፍና ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ጥፋቱ ከአጠያየቁ ነው እላለሁ።

የሳይንስ መምህር ስለ መንሳፈፍ ያስተምራል እንበል። «የደንገል ታንኳ ለምን ይንሳፈፋል?» ብሎ እጅ ላወጣው ዕድል ቢሰጥ፣ «ቀላል ስለሆነ» ተብሎ ነገሩ ያበቃል። ይልቅ አራት ምርጫ ሰሌዳው ላይ ይጻፍና ሁሉም እንዲያስብ ፋታ ይስጥ፤ ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ የመረጠውን ቁጥር በጣቱ ደረቱ ላይ ያሳይ። ስልሳ ልጅ ቢኖርም ማን ምን እንዳሰበ አንድ ጊዜ ዞር ብሎ በማየት ይታወቃል። ቀጥሎ እያንዳንዱ ምክንያቱን ለጎኑ ልጅ ይንገር። ስም የሚጠራው ከዚህ በኋላ ነው፤ ስም ከጥያቄ ከቀደመ የቀረው ክፍል ያርፋል። አሁን «ዓሣ አስጋሪው ታንኳውን ለምን ዳር አውጥቶ ያደርቀዋል?» ይበል። በደንገሉ አገዳ ውስጥ የነበረውን የአየር ቦታ ውኃ እየወሰደው እንደሚከብድ፣ ኋላ ወንበር ዝም ብሎ የሚውለው የአስጋሪ ልጅ ከማንም በላይ ያውቃል። ጠይቆት የሚያውቅ የለም እንጂ።

ፋታው ቀላል ነገር አይደለም። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜሪ በድ ሮው፣ መምህራን ከጥያቄ በኋላ የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ መሆኑን አሳይታለች። ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲያራዝሙት መልሱ ረዘመ፣ ዝም ያለውም ቀነሰ።

አንድ ተማሪ አምስት ጓደኞቹን የሚመራበት «አንድ ለአምስት» የተባለው ቡድንም ይህን ይፈታል ተብሎ ነበር፤ መሪው ሲመልስ አምስቱ ማዳመጥ ለመዱ። የጎጃም ቅኔ ቤት በዚህ ይሻላል። እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ቅኔ ቆጥሮ ይነግራል፣ ይታረማል፤ በሌላው ቅኔ መደበቅ የለም።

«ፖርሽን አይደርስም» የሚባለው ሰበብ ይገባኛል። ግን ያልገባውን ጥሎ የተሸፈነ ምዕራፍ ለማን ደረሰ? የመሳቂያነት ፍርሃት ይበልጥ ከባድ ነው፤ ለዚህም ነው ከጓደኛ ጋር መነጋገሩ የሚቀድመው። «አላውቅም» ያለውን ልጅ ማለፍ ሳይሆን፣ ሁለት ሌሎች ሰምቶ «አንተ የማንን ትቀበላለህ?» ብሎ ወደ እሱ መመለስ ያስፈልጋል።

ሱፐርቫይዘሮችም ለክፍል ምልከታ ሲገቡ የትምህርት ዕቅድ ከማገላበጥ በፊት ኋላ ወንበር ይቀመጡና፣ በዚያ ክፍለ ጊዜ ስንት ልጅ አፉን እንደከፈተ ይቁጠሩ።