«ጾመው ነው የመጡት?»

አክስቴ የደም ግፊት ክትትል አላት። ባለፈው ሁዳዴ ለቀጠሮዋ ሆስፒታል ስንሄድ ሐኪሙ የስኳር ምርመራም አዘዘላት። የላብራቶሪው ልጅ በመስኮቱ ብቅ ብሎ «ማዘር፣ ጾመው ነው የመጡት?» አላት። «እንዴታ ልጄ! ሁዳዴን መቼ ሽሬ አውቃለሁ?» አለችው። አልዋሸችም። ክኒኗን በባዶ ሆድ ስለማትችለው የንስሐ አባቷ ፈቅደውላት ጠዋት ዳቦ በሻይ ቀምሳለች። ሻይዋ ደግሞ ሦስት ማንኪያ ስኳር ነው።

ውጤቱ 168 መጣ። በባዶ ሆድ 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የስኳር በሽታ ይጠረጠራል፤ ቁርስ የበላ ሰው 168 ቢሆን ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሐኪሙ የያዘው ወረቀት «በባዶ ሆድ» ይላል። እኔ የዳቦውን ነገር ባላነሳ ኖሮ መድኃኒት ሊጽፍላት ነበር። በማግስቱ ምንም ሳትቀምስ ተለክታ 94 ሆነ።

ልጁን አልወቅሰውም፤ ከመስኮቱ ፊት የተኮለኮለውን ሰው አይቻለሁ። ግን «ከማታ ጀምሮ ከውሃ በቀር ምን ቀመሱ?» ማለትም ያው አንድ ትንፋሽ ነው። ምግብ ሳትቀምስ ቢያንስ ለ8 ሰዓት መቆየት እንዳለባት ደግሞ ሊነገራት የሚገባው ምርመራው ሲታዘዝ ነበር።

የሰገራው ይብሳል። ተቅማጥ የያዘው ሰው ናሙና በግማሽ ሰዓት ገደማ ካልታየ የሚንቀሳቀሰው አሜባ ይሞትና ከማይክሮስኮፑ ሥር ሳይለይ ይቀራል። በሽተኛው ግን «አምጣ» ከመባል በቀር የሰማው ነገር የለም፤ ከቤቱ በጠዋት ይዞ ይመጣል፣ የናሙናውን ዕቃ በሶፍት ጠቅልሎ ገንዘብ ክፍል ይሰለፋል። ከዚያ «ምንም የለብህም» ተብሎ ሆዱን ይዞ ይመለሳል። ለሽንት ካልቸርም (ሽንት ውስጥ ያለውን ጀርም አሳድጎ ለሚለየው ምርመራ) መጀመሪያ ላይ ያለውን ለቆ መሀል ላይ ያለውን መቀበል እንዳለበት ማን ነገረው?

የሕክምና ላብራቶሪዎች ዓለም አቀፍ መስፈርት፣ አይኤስኦ 15189፣ ለታካሚው ስለ ናሙና አሰጣጥ መረጃ እንዲሰጥ ያዛል። እኔ ባየሁት ላብራቶሪ መመሪያው በእንግሊዝኛ ተጽፎ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ግድግዳው ላይ ራዕይ፣ ተልዕኮና እሴት በትልቁ ተለጥፈዋል። ከእነሱ ሥር በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ እንደ አካባቢው ቋንቋ ስድስት መስመር የሚሆን ቦታ አይጠፋም። ማንበብ ለማይችለው ደግሞ ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ አለች፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ቢያሠለጥኗት ይበቃታል።

አክስቴ አሁን «ጾመው ነው?» ሲሏት «የቱን ጾም?» ብላ ትጠይቃለች።