ሥጋ መተው ብቻውን አያከሳም፤ ህንዶችን እዩ

ቲክቶክ ላይ ስለ ክብደት ቅነሳ አንድ ሁለት ቪዲዮ ያየ ሰው፣ ሦስተኛው ላይ የህንድ ዳይት ይመጣበታል። ሥጋ የለም፣ እንቁላል የለም። ምስር፣ አትክልትና እርድ የገባበት ውሃ ብቻ። በሳምንት ይህን ያህል ኪሎ ይወርዳል ይባላል። እኔ ከምግቡ ጋር ጠብ የለኝም። እንዲያውም ክብደትን በጤና ለመቀነስ ከሚመቹ ምግቦች አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ። የማልቀበለው "ሥጋ ከሌለበት ያከሳል" የሚለውን ነው።

እንዲያ ቢሆንማ ህንድ ውስጥ ቦርጭ ባልታየ ነበር። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 ባወጣው ጥናት፣ ከህንድ አዋቂዎች 39 በመቶው ሥጋ አንበላም ብለዋል። ከቀሩትም ብዙዎቹ አንዳንድ የሥጋ ዓይነት ወይም በአንዳንድ ቀን ሥጋ አይነኩም። በሌላ በኩል የህንድ መንግሥት ከ2019 እስከ 2021 ባካሄደው የቤተሰብ ጤና ጥናት፣ ከሴቶች 24 በመቶ፣ ከወንዶች 23 በመቶ ገደማ ክብደታቸው ከልክ ያለፈ ሆኖ ተገኝቷል። በ2023 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ስኳር ያለባቸውን ህንዳውያን 101 ሚሊዮን አድርሷቸዋል።

ሚዛኑም ቢሆን ሁሉንም አይናገርም። ፑኔ በተባለችው የህንድ ከተማ የሚሠሩት ሐኪም ቺታራንጃን ያጅኒክና እንግሊዛዊ ባልደረባቸው ጆን ዩድኪን በ2004 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ጎን ለጎን የተነሡትን ፎቶ አወጡ። የሁለቱም ክብደት ከቁመታቸው ጋር ሲሰላ (ቢኤምአይ የሚባለው ልኬት ነው) እኩል 22.3 ነው። የሰውነት ስባቸው ግን ለየቅል ነው፤ እንግሊዛዊው 9.1 በመቶ፣ ህንዳዊው 21.2 በመቶ። ቀጭን መስሎ ስብ የተሸከመ ሰው አለ ማለት ነው። ለዚህ ነው የህንድ ሐኪሞች አብዛኛው ዓለም 25 ላይ የሚጀምረውን "ከልክ ያለፈ ክብደት" 23 ላይ የሚጀምሩት። ወገብንም ይለካሉ። ለወንድ ከ90 ሴንቲ ሜትር፣ ለሴት ከ80 በላይ ከሆነ ያስጠነቅቃሉ።

ታዲያ ይህ ስብ ከየት መጣ? ገበታውን እንየው። ሰሜን ህንድ አንድ ቤት ገብታችሁ ምሳ ቢቀርብላችሁ፣ ሦስት አራት ሮቲ ይመጣል፤ የስንዴ ቂጣ ነው። እሱ ሲያልቅ ሩዝ ይከተላል። ዳሉ፣ ማለትም የምስሩ ወይም የክኩ ወጥ፣ በትንሽዬ ጎድጓዳ ሳህን ነው። አትክልቱ ብዙ ጊዜ ድንች ነው። በመጨረሻ አንድ ጣፋጭ ነገር አይጠፋም። ቂጣ፣ ሩዝ፣ ድንች፣ ስኳር፤ በአራት ስም የቀረበ አንድ ነገር ነው። በቃኝ ማለትም ቀላል አይደለም። የቤቱ እናት አንድ ሮቲ ልጨምርልህ ስትል ከኛ "በሞቴ" አትተናነስም።

በ2025 የወጣ ሰፊ ጥናት ይህንኑ በቁጥር አስቀምጦታል። ህንዳውያን ከሚያገኙት ካሎሪ 62 በመቶው ከካርቦሃይድሬት ነው፤ በተለይ ከነጭ ሩዝ፣ ከተፈጨ እህልና ከስኳር። እኔን የገረመኝ ግን ሌላው ግኝቱ ነው። ሩዙን ትቶ ወደ ስንዴ ወይም ወደ ማሽላና ዳጉሳ ዱቄት መዞር፣ መጠኑ እስካልቀነሰ ድረስ ከስኳር በሽታ ስጋት አያድንም። ይህ በጣም የሚያስፈልግ ማስታወሻ ነው። ህንድ የተባበሩት መንግሥታትን አግባብታ 2023ን የነዳጉሳና የማሽላ ዓመት ካስባለች ወዲህ፣ የዳጉሳ ብስኩት ሳይቀር እንደ መድኃኒት ይሸጣል። ዳጉሳ መነሻው የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ነው፤ ባሕር ተሻግሮ ካርናታካ በተባለው የደቡብ ህንድ ግዛት ውስጥ የገበሬው የዕለት ምግብ ሆኗል። ጥሩ እህል መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን የዳጉሳ ገንፎውን ቀኑን ሙሉ እርሻ ውሎ የሚበላውና ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ የሚበላው እኩል አይሆኑም።

ሃይደራባድ የሚገኘው የህንድ ብሔራዊ የሥነ ምግብ ተቋም በ2024 ያወጣው መመሪያ ለዚህ ጥሩ መነሻ ነው። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበቃው ሰው 250 ግራም እህል፣ 85 ግራም ጥራጥሬ፣ 400 ግራም አትክልት፣ 100 ግራም ፍራፍሬ፣ 300 ሚሊ ሊትር ወተት ወይም እርጎ፣ 35 ግራም ለውዝና የመሳሰለው፣ 27 ግራም ዘይት ወይም ቅቤ። እህሉም ጥራጥሬውም የሚመዘነው ሳይበስል ነው። 400 ግራም አትክልት ስንቱ ቤት ይበላል? ክብደት መቀነስ የሚፈልግ ሰው እህሉንና ዘይቱን ከዚህ ዝቅ ያደርጋል፤ ጥራጥሬውንና አትክልቱን አይነካም።

ጥራጥሬው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። "ዳል በልቻለሁ፣ ፕሮቲን አግኝቻለሁ" ይላል። 30 ግራም ደረቅ ምስር 7 ግራም ያህል ፕሮቲን ይሰጣል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቀን 50 ግራም ገደማ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ውሃው ላይ ጥቂት ምስር የሚዋኝበት ዳል ሩዝ ማራሻ ከመሆን አያልፍም። ወፍራም ዳል፣ ሽምብራ፣ ራጅማ የሚሉት ቀይ ቦሎቄ፣ የበቀለ ማሾ፣ እርጎ፣ ፓኒር የተባለው አይብ በየማዕዱ መግባት አለባቸው። ሆድ ጠግቦ የሚቆየውም በእነሱ ነው። ሮቲው ከአራት ወደ ሁለት ሲወርድ የማይታወቀው፣ ዳሉ በእጥፍ ሲጨምር ነው።

ዘይቱ ደግሞ ተደብቆ የሚገባ ነው። ዳል በስሎ ሲያበቃ ዘይት ወይም የተነጠረ ቅቤ ያግሉና ከሙን፣ ነጭ ሽንኩርትና በርበሬ ጣል አድርገው ከላይ ይደፉበታል። ታድካ ይሉታል። ሽታው ብቻ ያጠግባል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል ነው፤ በየወጡ አንድ አንድ ከተደፋ ድምሩን አስቡት። ጠቅላይ ሚኒስትር ናሬንድራ ሞዲ በ2025 ሕዝቡ የምግብ ዘይቱን በ10 በመቶ እንዲቀንስ በሬዲዮ የመከሩት ወደው አይደለም። ታድካውን ማስቀረት አያስፈልግም፤ በሻይ ማንኪያ መለካት ይበቃል። የህንድ ወጥ ቤት በእንፋሎት የሚበስልም ሞልቶታል። ከሩዝና ከጥራጥሬ ሊጥ የሚሠራው ኢድሊ አለ፣ በምዕራብ ህንድ የሚኖሩት ጉጅራቶች ከሽምብራ ዱቄት የሚሠሩት ዶክላ አለ። ከምሳ በኋላ የሚጠጣው ጨውና ከሙን ያለበት አሬራ ከለስላሳ መጠጥ በምን ይወዳደራል?

ጾምም ራሱን የቻለ ጉድ ነው። ኤካዳሺ በተባለው የሂንዱዎች ጾም ቀን እህል ስለማይበላ ብዙ ቤት ሳቡዳና ኪችዲ ይሠራል፤ ከካሳቫ ስታርች የሚሠራ እንክብል ከድንችና ከኦቾሎኒ ጋር በቅቤ የተቆላ። ከአዘቦቱ ምሳ ይከብዳል። እኛም በጾም ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ ስናሳድድ ውለን ለምን አልከሳሁም እንደምንለው ነው።

ሌላው ወገን ደግሞ ይህን ሁሉ ትተህ የዶሮ ሥጋና የፕሮቲን ዱቄት ግዛ ይላል። የጂም አሠልጣኞች ይወዱታል። ለትውልዶች ሥጋ ገብቶበት የማያውቅ ቤት ውስጥ ይህ ምክር ስንት ቀን ይቆያል? ለአንድ ሰው ተብሎ ሌላ ድስት የሚጣድበት ዳይት አብሳዩ ሲሰለቸው ያበቃል። ያው ድስት ይጣድ፤ ጭልፋው ግን ዳሉና አትክልቱ ላይ ይበርታ።

የክብደት ቅነሳውን ፍጥነት በተመለከተ የሃይደራባዱ መመሪያ ግልጽ ነው። በሳምንት ግማሽ ኪሎ መቀነስ ደህና ነው፤ በቀን ከ1,000 ካሎሪ በታች መውረድ አይመከርም። ሻይም ይታሰብበት። ስኳር የበዛበት የወተት ሻይ በቀን አራት ጊዜ ከተጠጣ ራሱን የቻለ ምግብ ነው፤ ከምግብ ጋር ሲሆን ደግሞ ሰውነት ብረት እንዳይወስድ ያደርጋል። ሥጋና እንቁላል የማይበላ ሰው ቫይታሚን ቢ12 ሊያንሰው ስለሚችል ወተትና እርጎውን አይተው፤ እነሱንም የማይወስድ ከሆነ ኪኒን ያስፈልገዋል። የስኳር መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ግን ሩዙንና ሮቲውን ከመቀነሱ በፊት ሐኪሙን ያማክር። መድኃኒቱ ሳይስተካከል እህሉ ብቻ ከቀነሰ ስኳሩ በድንገት ሊወርድበት ይችላል።