የኋላ ጎማ ሥራ ሲይዝ

ሐምሌ ላይ ዝናቡ አባራ ሲል፣ ሽሮ ሜዳ ወይም ፈረንሳይ ለጋሲዮን ካሉት ዳገታም የኮብልስቶን መንገዶች የአንዱ ጥግ ላይ ግማሽ ሰዓት የቆመ ሰው በነጻ ትርኢት ያያል። ቪትዟ ከታች ተንደርድራ ትመጣለች፤ እኩሌታው ላይ ስትደርስ የፊት ጎማዎቿ ባሉበት መሽከርከር ይጀምራሉ፤ ጎማ ጎማ ይሸታል፤ ሹፌሩ መስኮት ያወርዳል። ያን ጊዜ ሰፈሩ ውስጥ ሥራ የፈታ ሁሉ መካኒክ ነው። «ነዳጅ ስጠው!» «ኧረ አትስጠው!» «መሪውን አቅናው!» በመጨረሻ አንድ ጠና ያሉ ሰው ጃንጥላቸውን እያጠፉ ፍርዳቸውን ይሰጣሉ፦ «ፎርዊል ብትሆን ኖሮ…»

አራቱም ጎማ ቢሠራ ኖሮ ማለታቸው ነው። ስንቱን ሰው ጋራዥ ያስገባችው ይቺ «ብትሆን ኖሮ» ናት።

በፊት ጎማ የሚነዳ መኪና ማለት አንዲት ልጁ አረብ አገር እንደምትሠራለት ቤተሰብ ነው። የምትሠራው እሷ፣ የምትጎትተው እሷ፣ አቅጣጫ የምታሳየውም እሷ ናት። የቀሩት ከኋላ መከተል ነው። ሜዳ ላይ ይሄ ሥርዓት እንከን አይወጣለትም። ሞተሩም ካምቢዮውም ፊት ስላሉ ከመኪናዋ ክብደት 60 በመቶ ያህሉ የሚሠሩት ጎማዎች ላይ ያርፋል። ዳገት ሲመጣ ግን ሸክሙ ወደ ኋላ፣ ወደማይሠሩት ያጋድላል። የኋላ ወንበር ላይ 3 ሰው ከተጨመረ ደግሞ የፊቱ ድርሻ ወደ ግማሽ ይጠጋል። «ክብደት ትያዝ» ብለው ከኋላ ዘለው የሚገቡት ደጋግ ጎረምሶች እንግዲህ ያስጣበቋት መስሏቸው እያንሳፈፏት ነው። ወርደው ቢገፉ ይሻል ነበር፤ ግን ጭቃ አለ።

ቪትዝ ፎርዊል ትሆናለች ወይ? ትሆናለች። ቶዮታ ራሱ አድርጎታል። በ1999 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ባለ 1 ሊትር ሞተሯ ቪትዝ ስትወጣ፣ ለበረዶ አገር ሰው ደግሞ ባለ 1.3 ሊትር ፎርዊል ተሠርታለት ነበር። የሻንሲ ቁጥሯ ኤስሲፒ10 ብሎ የሚጀምረው በፊት ጎማ የምትሄደዋ ባለ 1 ሊትር ናት፤ ኤንሲፒ15 ብሎ የሚጀምረው ፎርዊሏ። ደግሞስ የእኛ ቪትዝ ለቀዶ ጥገና መቼ አዲስ ሆነች? ብዙዎቹ ጃፓን በቀኝ መሪ ተወልደው፣ ዱባይ ላይ መሪያቸው ወደ ግራ ዞሮ ነው የመጡት። የፍጥነት መለኪያው ዳሽቦርዱ መሃል ላይ መሆኑ ያንን ሥራ አቅሎታል፤ ሹፌሩ ከቀኝም ከግራም ቢቀመጥ እኩል አንጋዶ ነው የሚያየው።

ባለመኪናው ይቺን ታሪክ ይዞ ጋራዥ ይሄዳል። «መሪ ከቀኝ ወደ ግራ ከዞረ፣ ጉልበት ከፊት ወደ ኋላ የማይሄድበት ምክንያት ምንድን ነው?» ይላል። መካኒክ ደግሞ «አይሆንም» የሚል ቃል አልተማረም። «ችግር የለም ወንድሜ፣ እናስገባዋለን።» ምኑን፣ በየት በኩል እንደሚያስገባው ገና አላሰበበትም።

ነገሩ የሚጀምረው ከካምቢዮ ነው። የነበረው ካምቢዮ ጉልበቱን ግራና ቀኝ አውጥቶ ጨርሷል፤ ወደ ኋላ በር የለውም። ጉልበቱን 90 ዲግሪ አዙሮ ወደ ኋላ የሚልክ ተጨማሪ የማርሽ ቤት ያስፈልጋል፤ እሱ የሚገኘው ፎርዊሏ ካምቢዮ ላይ ብቻ ነው። ካምቢዮ ደግሞ እንደ ሠርግ እንግዳ ብቻውን አይመጣም። ባለ 1 ሊትሩና ባለ 1.3 ሊትሩ ሞተር የሁለት ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ የአንዱ ካምቢዮ የሌላው ጀርባ ላይ አይገጥምም። ስለዚህ ካምቢዮው ሞተሩን ይጠራል። ሞተሩ ኮምፒውተሩንና ሙሉ ሽቦውን ይጠራል። የሞተሩ ቁጥር ሊብሬው ላይ ካለው ጋር ስለማይመሳሰል ሊብሬው በተራው መንገድ ትራንስፖርትን ይጠራል። ደንበኛው የጠየቀው ግን የኋላ ጎማ ነበር።

ከሥር ደግሞ ጉልበቱን ወደ ኋላ የሚወስድ፣ ሁለት ቦታ የተከፈለ ረጅም ዘንግ አለ፣ እንዲተጣጠፍ የሚያደርጉት መገጣጠሚያዎች ክሮቼራዎቹ፣ ዘንጉን መሃል ላይ የሚሸከመው ኩሽኔታ፣ ጉልበቱን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው የኋላ ዲፈረንሻል ከነሙሉ እግሩ፣ ሌላ ቅርጽ ያለው የነዳጅ ታንክ፣ መንገድ የሚቀይር ጭስ ማውጫ፣ የእጅ ፍሬን ገመድ፣ የፍሬን ቱቦ። ይሄ ሁሉ የሚታሰረው ወለሉ ላይ ነው፤ ጉዱም እዚያ ነው። ቪትዝ እንደ ላንድክሩዘር ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላትም፤ ላሜራው ራሱ ሻንሲዋ ነው። የድሮው ዲኤክስ ኮሮላ በኋላ ጎማ ስለሚነዳ ዘንጉ የሚያልፍበት ጉብታ ወለሉ መሃል ላይ ነበረው፤ ሦስተኛው ተሳፋሪ እግሩን ከፍቶ ይቀመጥበት የነበረው። የቪትዟን መተላለፊያ ግን የነዳጅ ታንኩ ዘግቶት ተኝቷል፤ ዲፈረንሻሉ የሚንጠለጠልበት ቦታም የለም። ስለዚህ ባቲላሜራው የኋላውን ወለል ቆርጦ የፎርዊሏን ወለል ይበይዳል።

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። የነዳጅ ታንኩ ወርዶ ከአካባቢው ካልራቀ የብየዳ እሳት አይለኮስም። «ባዶ ነው» ማለት መልስ አይሆንም፤ ባዶው ከሙሉው ይብሳል፣ የሚፈነዳው ተኑ ነውና። የባትሪ ገመድና የኮምፒውተር ሶኬትም አስቀድመው ይነቀላሉ። ከመቁረጥ በፊት ከግራ ፊት እስከ ቀኝ ኋላ፣ ከቀኝ ፊት እስከ ግራ ኋላ በሜትር ተለክቶ ይጻፋል፤ ከብየዳ በኋላ እንደገና ይለካል። በፊትና በኋላ ጎማ መካከል 2,370 ሚሊሜትር ባላት መኪና ላይ ሁለቱ ሰያፎች በጣት ውፍረት ከተለያዩ፣ መኪናዋ ቀሪ ዘመኗን እንደ ውሻ በጎኗ ነው የምትሄደው። ከኋላ የሚነዳ ሰው ልትታጠፍ መስሎት ይጠብቃታል።

ሒሳብ የሚያውቅ ሰው እዚህ ጋ ይነቃል። ሞተር፣ ካምቢዮ፣ ኮምፒውተር፣ ዘንግ፣ ዲፈረንሻል፣ ታንክ፣ ወለል… ይሄ እኮ አንዲት ሙሉ ፎርዊል ቪትዝ ገዝቶ፣ በታትኖ፣ አሮጌዋ ላይ መልሶ መግጠም ነው። «ታዲያ ለምን የገዛኋትን ዝም ብዬ አልነዳትም?» የሚል ሰው ግን በዚህ ሰዓት ጋራዡ ውስጥ የለም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከልክሏል፤ በኤሌክትሪክ ከሚሄዱት አንዳንዶቹ የኋላውን ጎማ በራሱ ሞተር ስለሚያዞሩ ዘንግም ክሮቼራም አያውቁም። ይሄን ጋራዥ ውስጥ ማንሳት ሐዘን ቤት እንደመሳቅ ነው።

ስለዚህ መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሱማሌ ተራ ይኬዳል። ዲፈረንሻል እዚያ በዓይን ይገዛል፦ «ያው ነው፣ የኮሮላ ነው፣ ይገጥማል።» ይገጥም ይሆናል፤ መግጠምና መስማማት ግን ለየቅል ናቸው። ከፊት ጎማው አንዴ እንዲዞር ማርሹ 4.3 ዙር የሚዞር ከሆነ (4.3 ለ1 ይባላል)፣ የኋላው ግን 4.1 ለ1 ከሆነ፣ ሁለቱ በ5 በመቶ ያህል ፍጥነት ሳይስማሙ አንድ መንገድ ይሄዳሉ ማለት ነው። መሬት ላይ የወረደ ዲፈረንሻልን ለማወቅ አንዱን ወገን አጥብቆ ይዞ ሌላውን ልክ ሁለት ዙር ማዞርና ዘንጉ የሚገባበት አፍ ስንት ዙር እንደዞረ መቁጠር ነው። አራት ዙርና ትንሽ ቢዞር፣ ቁም ነገሩ ያቺ «ትንሽ» ናት። በኖራ ምልክት አድርጎ መቁጠር አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሻጩ ግን ይቆጣል፤ «አላመንከኝም ማለት ነው?» ዲፈረንሻሉ ቀርቶ ወዳጅነቱ ይመዘናል፤ ገዢውም ይሉኝታ ይዞት ሳይቆጥር ይገዛል።

አሁን ፊትና ኋላን ወደሚያገናኘው ወደ ቪስከስ ካፕሊንግ። የቡና ጣሳ የሚያህል ብረት ነው፤ ከዲፈረንሻሉ ፊት ይቀመጣል። ውስጡ የተቀዳዱ ስስ ዝርግ ብረቶች ተደርድረዋል፣ ግማሾቹ ከፊት ግማሾቹ ከኋላ የታሰሩ፤ በመካከላቸው ወፍራም የሲሊከን ዘይት። ጠባዩ የቤተሰብ ትልቅ አጎት ነው። ሰላም በሆነ ቀን ጥጉን ይዞ ዝም። ፊቶቹ ብቻቸውን መሮጥ ሲጀምሩ ዘይቱ ይታሻል፣ ይግላል፣ ይጠብቃል፤ ከዚያ ሁለቱንም ወገን ጨምድዶ «አብራችሁ ትሄዳላችሁ» ይላል። ፎርዊልነቱ በቃ ይሄው ነው። የሚሳብ ዘንግ የለውም፣ የሚጫን ቁልፍ የለውም። ይሄ ብዙ ደንበኛን ያስከፋል። «ታዲያ ሰው በምን ያውቃል?» ደንበኛ ማስቀየም የማይወድ ጋራዥ ሬዲዮው አጠገብ አንድ ማብሪያ ይገጥምለታል፤ ሲጫኑት አረንጓዴ መብራት ይበራል። ሌላ ሥራ የለውም። ከመላው ሥራ ብልሽት የማያውቀው ይሄ ብቻ ነው።

አጎትን የሚገድለው በየቀኑ መጨቅጨቅ ነው። ጭቅጭቁ ደግሞ የሚመጣው ከጎሚስታ ነው። እኛ ጎማ የምንገዛው ሁለት ሁለት ነው፤ አዲሶቹ ወደ ፊት፣ አሮጌዎቹ ወደ ኋላ። 175/65 አር14 የሆነ አዲስ ጎማ አንዴ ሲዞር 1,832 ሚሊሜትር ያህል ይሄዳል። ጥርሱ 5 ሚሊሜትር ካለቀ 1,800 ገደማ ነው። ልዩነቱ ሦስት ሣንቲሜትር ነው፣ እዚህ ግባ አይባልም፤ ግን አሮጌው ጎማ በየኪሎ ሜትሩ 9 ዙር ተኩል ያህል ተርፎ ይዞራል። አዲስ አበባ ተነስቶ ሐዋሳ እስኪደርስ 2,600 ዙር። ያ ሁሉ ልዩነት ዘይቱን እያሸ ነው። ሞጆ ሳይደርስ አጎት ግሏል። ስለዚህ አራቱም ጎማ አንድ ዓይነት፣ አንድ ዕድሜ፣ አንድ ንፋስ። «ተራ በተራ እገዛለሁ» ያለ ሰው ፎርዊል አይመኝ፤ ዕቁቡን ለአራት ጎማ ይግባ።

ካፕሊንጉ ሲሞት ደግሞ ጥበበኛ አይጠፋም። «እንበይደው!» ይላል። ይበየዳል። ከዚያ በኋላ ፊትና ኋላ በብረት የተጋቡ ናቸው፤ ፍቺ የለም። ደረቅ አስፋልት ላይ መሪ ሙሉ ሲጠመዘዝ የፊት ጎማ ከኋላው የሚረዝም መንገድ ስለሚሄድ፣ መኪናዋ ፍሬን እንደተያዘባት ትንተፋተፋለች፣ ጎማ ይጮሃል፣ አንድ ቀን አንዱ ማርሽ ጥርሱን ያራግፋል። የተጣመመ ዘንግም እንዲሁ ራሱን ይናገራል። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ ዲፈረንሻሉ 4 ለ1 ከሆነ፣ ዘንጉ በደቂቃ ወደ 2,900 ዙር ይሽከረከራል፤ ባላንስ ያልተደረገ እንደሆነ መጀመሪያ የሚንቀጠቀጠው መስተዋት ነው፣ ቀጥሎ የተሳፋሪ አገጭ። ፊቷ ብቻ በክሪክ ተነስቶ ሞተር ተነስቶ ማርሽ ከገባ ደግሞ የኋላው ጎማ ከክሪኩ ላይ አስፈንጥሮ ያወርዳታል። ሲጎትቷትም ፊቷን ብቻ ሰቅሎ መውሰድ ክልክል ነው፤ አራቱም ከመሬት ይነሱ። ይሄን የጎታቹን ሠራተኛ ማስረዳት ከወለሉ ብየዳ ይከብዳል።

ይሄ ሁሉ ሆኖ መኪናዋ ትወጣለች፤ ከድሮው ይልቅ ከብዳ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ትላለች፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ ጉልበቱን ስለሚያጣ፣ ጃፓን ላይ 88 የፈረስ ጉልበት የተባለው ባለ 1.3 እዚህ 70 አይሞላም። ያችኑ ለአራት ማካፈል ነው። ከፍታዋም አንዲት ጣት አልጨመረም። ፎርዊል ሲባል ሰው የሚታየው ከፍ ያለ ነገር ነው፤ የቪትዟ ሆድ ግን ያው የድሮው ነው፣ እንዲያውም አሁን ዲፈረንሻል ተንጠልጥሎበታል። ቁልቁለትም ላይ ጥቅም የለውም፤ ድሮም ፍሬን የሚይዙት አራቱም ጎማዎች ነበሩ።

ደላላው ግን ይሄን ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይዘጋዋል፦ «ፎርዊል ናት የኔ ጌታ፣ ገደል ታወጣለች።» ከኋላ ላሜራው ላይ የሚለጠፈው ጽሑፍ ከሱቅ ይገዛል፤ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። ለብዙ ሰው የሚበቃውም ማሻሻያ እሱ ይመስለኛል፤ አማቾች ቪትዝ ሥር ተጎንብሰው ሲያዩ የታየበት ጊዜ የለም።

ለዳገቱ ብቻ ከሆነ ግን ሌላ መፍትሔ አለ። አንደኛ ጥርሱ ያልተበላ ጎማ ከፊት። ሁለተኛው በነጻ ነው፦ መኪናዋን ከታች አዙሮ፣ ሪቨርስ አስገብቶ፣ በጀርባ መውጣት። ያን ጊዜ ሞተርና ካምቢዮው ከታች በኩል ይሆናሉ፤ ዳገቱ ክብደቱን የሚጭነው የሚሠሩት ጎማዎች ላይ ነው። ሪቨርስ ማርሹም ጉልበታም ነው። ቀስ ብሎ፣ ነዳጁን ሳያጓሩ፣ ከኋላ አንድ የሚያይ ሰው አቁሞ። በፊቷ እምቢ ያለችበትን ዳገት በጀርባዋ ትወጣዋለች።

ችግሩ ጎረቤት ነው። ቤቱ በጀርባው የሚገባ ሰው ምን ይባላል?

ስለዚህ መሸት ሲል ነው የሚደረገው። ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ገብተዋል፣ ሱቁ ግማሽ በሩን ዘግቷል። አንዲት ቪትዝ ከታች ትዞርና ነጩን የኋላ መብራቷን አብርታ፣ እርጥብ ድንጋይ ድንጋዩን እየረገጠች ሽቅብ ታፈገፍጋለች። አንዲት ጊዜ አትንሸራተትም። ሹፌሩ አንገቱን ጠምዝዞ የኋላ መስተዋቱን ያያል። እኩሌታው ላይ የአንድ ቤት መጋረጃ ገለጥ ይላል። ፍሬኑን ይይዛል፤ ስልክ ጆሮው ላይ ያደርግና ለማንም «እሺ፣ እሺ» እያለ፣ መጋረጃው እስኪመለስ ይጠብቃል።