እባካችሁ ለክታችሁ ሽጡልን!

ድሬ ውስጥ አንዲት ትንሽ የናስ ፊቲንግ (የቱቦ ማያያዣ) ለመግዛት መውጣት ለምን እንዲህ ደም ያፈላል? ዋጋውን አይደለም የምለው። የዋጋውን ሌላ ቀን እናወራለን። ባለሱቁ የያዝኩትን ናሙና በዓይኑ አንዴ ገረፍ አድርጎ «ይሄው፣ ይገባል» የሚለውን ነው። አይለካም። ከናሙናው ጋር አያስተያይም። ግን ይምላል። «ወላሂ ይገባል!» ካልገባስ? «ቴፍሎን ጠቅልልበት።»

ነገሩን ላስረዳችሁ። ቤቴ ውስጥ በአየር ግፊት የሚንቀሳቀስ ድብ አለ። ጊታር ይዞ የሚዘፍን፣ አፉን ከዘፈኑ ጋር የሚከፍት፣ ዓይኑን የሚያዞር፣ ወገቡን የሚያወዛውዝ ድብ። አሜሪካ ውስጥ ፒዛ ቤቶች እንዲህ ያሉ አሻንጉሊቶችን መድረክ ላይ ያዘፍኑ ነበር። ከአታሪ መሥራቾች አንዱ የሆነው ኖላን ቡሽኔል እ.ኤ.አ. በ1977 ሳን ሆዜ ላይ እንዲህ ያለ ፒዛ ቤት ከከፈተ በኋላ ነገሩ ተስፋፋ። የእኔው ድብ የዚያ ዘመን ትራፊ ነው። ያገለገለ ዕቃ የሚያስመጣ ዘመዴ በጂቡቲ በኩል አስገባው፣ ገዢ አጥቶ መጋዘን ተቀመጠ፣ እኔ ወሰድኩት።

ውስጡን ብታዩት! ሞተር የለውም። እያንዳንዱ እንቅስቃሴ የራሱ ሲሊንደር አለው። ኮምፕረሰሩ አየር ያጠራቅማል፣ በኤሌክትሪክ የሚከፈት ቫልቭ አየሩን ይለቃል፣ ፒስተኑ ይገፋል፣ አገጩ ይከፈታል። ቫልቩ ወይ ክፍት ነው ወይ ዝግ። መሀል የለውም። እንቅስቃሴውን የምታለሰልሰው መንገድ ላይ ያለች አንዲት ትንሽ ብሎን ናት። የአየሩን ፍጥነት የምትወስነው እሷ ናት። በካቻቢቴ ሩብ ዙር ስታጠብቋት ድቡ አንገቱን ቀስ ብሎ ቀና ያደርጋል፣ ልክ እንደሚተነፍስ ሰው። «ሞተር ግጠምለትና ተገላገል» የሚሉኝ ሰዎች ይሄን አላዩም።

እንግዲህ ድቡ አሜሪካዊ ነው። ቫልቮቹ ላይ ያለው ጥርስ ኤንፒቲ የሚባለው የአሜሪካ ጥርስ ነው። እዚህ ሱቅ የሚሰጡኝ ሁሉ ቢኤስፒ ነው፣ የእኛ ሰው «የጋዝ ጥርስ» የሚለው የእንግሊዝ ጥርስ። ሁለቱም «አንድ ስምንተኛ» ተብለው ይሸጣሉ። በዓይን አይለዩም። ግን የአሜሪካው በአንድ ኢንች ውስጥ 27 ጥርስ አለው፣ ሌላው 28። የጥርሱ ማዕዘን የአንዱ 60 ዲግሪ ነው፣ የሌላው 55። ስለዚህ በእጅ ሁለት ሦስት ዙር ይገባል። ባለሱቁም «አየህ!» ይላል። ከዚያ ይነክሳል። በመፍቻ ካስገደድከው የቫልቩን ጥርስ ይልጠዋል። ቫልቩ አሉሚኒየም ነው፣ ለስላሳ ነው። ዕድሜው ከ40 ዓመት በላይ ነው። ከተበላሸ ከየት ይመጣል? ቴፍሎን የሚጠቅመው ጥርስና ጥርስ ሲስማሙ ነው። ያልተስማማን ጥርስ ቴፍሎን አያስታርቅም።

ቱቦውም ያው ነው። የድቡ ማያያዣ የተሠራው ለሩብ ኢንች ነው፣ ማለትም 6.35 ሚሊሜትር። ሱቅ ያለው 6 ነው። «ያው ስድስት ነው እኮ!» ተባልኩ። አይደለም! ስድስቱ ዘው ብሎ ይገባል፣ አየር ሲመጣ ደግሞ ተፈናጥሮ ይወጣል።

ኦሪንጉን፣ አየር እንዳያመልጥ ፒስተኑ ላይ የሚገባውን የጎማ ቀለበት፣ ተዉት። ውፍረቱ 1.78 ሚሊሜትር መሆን አለበት። የሚሰጡኝ 2 ነው። 0.22 ሚሊሜትር ምን አላት ትሉ ይሆናል። ፒስተኑን ጨምድዳ ትይዘዋለች፣ ክንዱ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል። ይሄን ስነግረው አንዱ «ፍሬን ዘይት ቀባው፣ ይላላል» አለኝ። የእኔ ሲሊንደሮች ጎማ ናይትራይል ነው። ፍሬን ዘይት ያሳብጠዋል። እንዲህ ያለ ምክር በልበ ሙሉነት ሲሰጥ ማን ይጠየቃል?

ትራንስፎርመር ፍለጋ ታይዋን የሚባለውን የድሬ ገበያ ስዞርም ያው ሆነ። መቆጣጠሪያ ሳጥኑ 120 ቮልትና 60 ሄርዝ ይፈልጋል። የእኛ መብራት 220 ቮልትና 50 ሄርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል እንጂ ሄርዙን አይነካም። ለ60 የተጠመጠመ የቫልቭ ኮይል 50 ላይ ይግላል። የድሬን የግንቦት ሙቀት ጨምሩበት! ይሄን ስጠይቅ ባለሱቁ ሳቀብኝ። «ሰው ቲቪ ያስነሳበታል፣ አሻንጉሊት ምን ይሆናል?»

የምታፈስ አንዲት ፊቲንግ ምን ታመጣለች ብላችሁ አትናቁ። አፉ፣ ክንዱና ወገቡ አንድ ላይ ሲንቀሳቀሱ ግፊቱ ይወርዳል። አፉ ከዘፈኑ ወደኋላ ይቀራል። ኮምፕረሰሩ ማረፍ አይችልም። ይግላል፣ ይጮኻል፣ ቆጣሪው ይበላል። ጎረቤቴ እማማ በሬን ያንኳኳሉ። እውነታቸውን ነው፣ የልጅ ልጃቸውን አስተኝተዋል።

ደግሞ የድብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቧንቧው በወሩ የሚያንጠባጥብባችሁ፣ የባጃጃችሁ ጎማ ማሰሪያ ቡሎን ጥርሱ የተላጠባችሁ፣ ታውቁታላችሁ። የጋዝ ምድጃ ጎማ በግምት ሲሸጥ እኮ ቤት ሊቃጠል ነው።

አቦ፣ ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይሄ ድሬ ላይ መሆኑ ነው። ይቺ ከተማ እኮ እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች የባለሙያ ከተማ ናት። በምድር ባቡር ጋራዥ ስንት እጅ ሠልጥኖባታል! ከዚያ ጡረታ የወጡ አንድ አባት ከዚራ ሰፈር አሉ። ፊቲንጉን ይዤላቸው ስሄድ መጀመሪያ መነጽራቸውን አደረጉ። ካሊፐር አወጡ። የጥርስ መለኪያዋን ቅጠል በቅጠል እየገለጡ፣ ጥርሱ ላይ እያስቀመጡ፣ ወደ ብርሃን አድርገው አዩ። አፋቸውን የከፈቱት ከዚያ በኋላ ነው። «ልጄ፣ ይሄ የእኛ የጋዝ ጥርስ አይደለም። እዚህ አታገኘውም፣ አትድከም። ቶርኖ ላይ ይውጣ ካልክ ናሱን አምጣ።»

በውነት እነግራችኋለሁ፣ «አታገኘውም» ሲሉኝ ደስ አለኝ። ያን ሁሉ ሱቅ ዞሬ እውነቱን የነገረኝ ሰው እሳቸው ነበሩ። ሁለት አወጡልኝ። ገጥሜ የሳሙና ውሃ ቀባኋቸው፣ አንዲት አረፋ የለም። ግን ዓይናቸው ደክሟል፣ ቶርኖውም የሰው ነው። የቀረውን ሁሉ እሳቸው ላይ መጫን ነውር ነው።

ባለሱቆች፣ ጠረጴዛችሁ ላይ አንድ ካሊፐር አስቀምጡ። የዕቃው ዓይነት የተጻፈበትን ካርቶን ቀዳችሁ አትጣሉ፣ ሁሉንም ፊቲንግ አንድ ባልዲ ውስጥ አትዘርግፉ። የማታውቁትን አላውቅም በሉ፣ ማንም አይንቃችሁም። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን ወረቀት ግድግዳ ላይ የምትለጥፉ ከሆነ ደግሞ ሳትለኩ አትማሉ!

ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ያላችሁ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የምፈልገው ወንድ (ጥርሱ በውጭ በኩል የሆነ) 1/8 ኤንፒቲ ሆኖ የሩብ ኢንች ቱቦ የሚቀበል ፊቲንግ፣ ቀጥ ያለውንም ኤልቦውንም (የታጠፈውንም)፣ እና 1.78 ውፍረት ያለው ኦሪንግ ነው። የሲሊንደሩን ልክ ለብቻ እልካለሁ። ክብደቱ ከግማሽ ኪሎ አይበልጥም። ብሩን በቴሌብር ቀድሜ እልካለሁ። ብቻ ከመግዛታችሁ በፊት ጽሑፉ የሚታይበት ፎቶ ላኩልኝ።